ቡናው ቀማሽ አለው፤ ልጁስ?

ለገበያ የቀረበ ቡና፣ ከጎማ ይምጣ ከሊሙ፣ ከገራ ይውረድ ከማና፣ ሳይመረመር ደረጃ አያገኝም። ናሙና ይወሰድለታል። እርጥበቱ ይለካል፣ ፍሬው በወንፊት ይለያል፤ የጠቆረው፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከዚያ ይቆላል፣ ይፈላል፤ ቀማሹ በማንኪያ ስቦ አፉ ውስጥ ያንከባልለውና ይተፋዋል፤ ያገኘውንም ይጽፋል። «ጅማ 5» እየተባለ ባሕር የሚሻገረው፣ የደረጃ ቁንጮ ያልሆነው ቡና እንኳ ቁጥሩን ያገኘው ተመርምሮ ነው።

ከዚያው ቡና ሥር ወጥታ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ ግን ስምንት ዓመት ተምራ ልትጨርስ፣ ወይም በሦስተኛው ዓመት አቋርጣ ልትቀር ትችላለች። ዓይኗ ምን ያህል ያያል፣ ጆሮዋ ምን ይሰማል፣ ፊደሉ ለምን አልያዝ አላት ብሎ ጠይቆ የመዘገበ ሰው አይኖርም። የእሷ ደረጃ የሚወጣው በአንድ ቃል ነው፤ «ሰነፍ ናት» ይባላል፣ አለቀ።

የጅማ፣ የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት፣ የየቡ፣ የሰርቦና የሸቤ ሰዎች ሆይ! ይህን የምጽፈው ላዝንላችሁ አይደለም። አንድ ነገር አብረን እንድንጠይቅ፣ ጠይቀንም እንድናገኝ ነው። በዞናችን ለእያንዳንዱ የትምህርት ቤቶች ጉድኝት አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይመደብ። የልዩ ፍላጎት መምህሩን የሚያግዝ፣ ልጁን የሚመረምር፣ ወላጁን የሚያማክር፣ መምህሩ አጠገብ የሚቆም ባለሙያ። ጉድኝት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ብንል «በጀት የለም» ተብሎ ይዘጋል፤ ለወረዳ አንድ ብንል ሰውየው ቢሮ ውስጥ ሪፖርት ሲጽፍ ይኖራል። ጉድኝት ግን ሱፐርቫይዘር ያለው፣ ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት፣ በእግርም በሞተርም የሚደረስበት ስፋት ነው።

«ሳይኮሎጂስት» ሲባል ብዙ ሰው ያበደ ሰው የሚያክም ሐኪም ይመስለዋል። ስለዚህ ልጁ ለባለሙያ ሲታይ ወላጅ ይሸማቀቃል፣ ጎረቤት ያንሾካሽካል። ሥራውን በሩቁ ከማብራራ አንድ ውሎውን ላሳያችሁ።

ለምሳሌ የምናነሳት ልጅ ከአጋሮ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ሦስተኛ ክፍል ትማራለች። ስም አልሰጣትም፤ በየትምህርት ቤቱ አለችና። የምትቀመጠው ከኋላ፣ ከአራት ልጆች ጋር በተጋራችው ዴስክ ጫፍ ላይ ነው። ስትጠየቅ ዝም ትላለች። ደብተሯን ብታዩት ግን ከሰሌዳ የገለበጠችው ጽሑፍ ንጹሕ ነው። መምህሯ «ትጽፋለች እንጂ አታነብም፤ ልቧ እዚህ የለም» ብለው ደምድመዋል። ክፋት የለባቸውም፤ ፊታቸው የተደረደረው ልጅ ሰባ ነው።

ባለሙያዋ ትመጣለች። መጀመሪያ የምታደርገው ከኋላ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ልጅቷ ጥያቄ ሲወጣ የመምህሯን አፍ ታያለች፤ መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲናገሩ ሌላው ሁሉ ሲጽፍ እሷ የጎረቤቷን ደብተር ታያለች። በእረፍት ሰዓት ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ በአፋን ኦሮሞ ይጫወታሉ። ከዚያ ባለሙያዋ አፏን በወረቀት ከልላ ቃላት ትጠራላታለች። በቁቤ አናባቢው ሲረዝም፣ ተነባቢው ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ልጅቷ የጠበቀውን ከላላው፣ የረዘመውን ካጠረው አትለይም። አፉ ሲገለጥ ግን ብዙውን ታገኘዋለች። እናት ይጠራሉ።

«አዴ፣ ጆሮዋ ፈሶ ያውቃል?»

«ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይፈሳል። ክረምት ሲገባ ይብስባታል። ዘይት አሙቄ ጠብ አደርግላታለሁ።»

«ለትምህርት ቤቱ ነግረው ያውቃሉ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ቀላል ነው። ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች፤ ዘይቱ ይቀራል። ከኋላ ተነሥታ የተሻለ የሚሰማው ጆሮዋ ወደ መምህሯ በሚዞርበት በኩል ከፊት ትቀመጣለች። መምህሯ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው መናገር ይለማመዳሉ፤ ይህ ለሌሎቹ ስልሳ ዘጠኝም ይጠቅማል። ሦስት ዓመት ያመለጣት ንባብ በአንድ ገጽ ዕቅድ ላይ ይሰፍራል፤ በየሳምንቱ የትኛው ድምፅ፣ ከማን ጋር፣ ስንት ደቂቃ። ባለሙያዋ የቀሪ መዝገቡንም ታገላብጣለች፤ ልጅቷ ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማ ላይ ነበረች። ስለዚህ ዕቅዱ ለቡና ወቅት የተለየ መስመር ይኖረዋል፤ ከለቀማ መልስ ደግሞ እንደገና ትታያለች። ለዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ዓይንና ጊዜ ያለው ሰው ነው።

በዚያው ክፍል ያለውን ልጅ ደግሞ እንይ። በሳምንት አንዴ ይወድቃል። ሲወድቅ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይደረጋል፤ ልጆቹ ይሸሻሉ፤ ወሬው ሰፈር ይደርሳል፤ ወላጅ ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። ፊኖባርቢታል የሚባለው ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ርካሽ ክኒን ነው። ልጁን ከትምህርት ያስቀረው ከበሽታው ይልቅ ፍርሃቱ ነው። ባለሙያው እዚህ ላይ የሚያክመው ክፍሉን ነው፤ ሲወድቅ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ክብሪት አያስፈልግም፣ ሲነቃ አጠገቡ ሁኑ እያለ ለስልሳ ዘጠኝ ልጆች ያስተምራል። ስልሳ ዘጠኙ ማታ ቤት ሄደው ለወላጆቻቸው ይናገራሉ።

የማያነብ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የዚህ ሙያ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሲሦው ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ «ልዩ ፍላጎት» ያላቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹ በወጉ ስላልተማሩ ነው። ግን ከመካከላቸው ፊደሉን ከድምፁ ማገናኘት በተፈጥሮ የሚከብደው አለ፤ ዲስሌክሲያ የሚባለው ነው። የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ አለ። ወላጆቹ ከዳውሮ ወይም ከየም ለቡና ሥራ መጥተው እሱ የክፍሉን ቋንቋ ገና ያልለመደው አለ፤ ይህ ልጅ ምንም ጉድለት የለበትም፣ ጊዜና ጓደኛ ብቻ ነው የሚፈልገው። እቤቱ የሚደበደብ አለ። ርቦት የሚመጣ አለ። አምስቱም ፈተና ላይ የሚያመጡት ዜሮ አንድ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን አምስት ነው። አንዱን በሌላው መድኃኒት ብታክሙት ዓመት ታባክናላችሁ፤ የልጅ ዓመት ደግሞ አይመለስም። በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ አገር ያለቅሳል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም ጮኸናል። ልቅሶው አሥር ዓመት ዘግይቷል። ልጁ የጠፋብን ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው።

ሙያው ራሱ የተጀመረው በመምህር ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ አንዲት መምህርት ፊደል አልያዝልህ ያለውን የ14 ዓመት ተማሪዋን ይዛ ላይትነር ዊትመር ወደሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ሄደች። ልጁ በሌላው ነገር ብልህ ነው፤ ለምን አይጽፍም አለችው። ዊትመር ሲመረምረው የልጁ ዓይንም ችግር እንዳለበት አገኘ፤ መነጽር ተደረገለት፣ የንባብ ልምምድ ተጀመረለት። በዓለም የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ክሊኒክ የሚባለው በዚህ ልጅ ተከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ የሙያው ማኅበር የሚመክረው ለ500 ተማሪ አንድ ባለሙያ ነው፤ እነሱም አልደረሱበትም። እኛ ለጉድኝት አንድ ስንል ከዚያ ምክር እጅግ የራቀ ነው። መነሻ ይሁነን ብለን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ የለም» ይለኛል። አውቃለሁ፤ በመዝገብም የሉም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳት ያለበት ኢትዮጵያዊ 1.09 ከመቶ ነው ተብሎ ተመዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ግን በኢትዮጵያ አዋቂዎች ዘንድ አኃዙ 17.6 ከመቶ ነው። አጠያየቃቸው ይለያያል፤ አንዱ «አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ ይቸግርሃል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ያም ሆኖ ልዩነቱ በአጠያየቅ ብቻ አይገለጽም። ቆጣሪው በር ላይ ሲቆም ጓዳ የተዘጋበት ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ቤት «ጂን ነው» ይባላል፣ አንዳንዱ ቤት «እርግማን ነው» ይባላል፣ አንዳንዱ ደግሞ እናትን ይከሳል።

ስለዚህ ኢማሞቻችንና ቀሳውስታችን፣ ጥሪው እናንተንም ይመለከታል። ዱአውም ፀበሉም አይቅር፤ ማንም ይቅር አላለም። አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩልን፤ «ጓዳ ያለ ልጅ ካለ ለትምህርት ቤት አስመዝግቡ» በሉ። እናንተ ያላችሁትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሥር ጊዜ ብትለው የእናንተን ያህል አይሰማም።

ሕግ አላነሰንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ሀብት እንዲመድብ ያዛል። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገሪቱ ሕግ ሆኗል። የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ማስተር ፕላንም ተከትሎታል። አካቶ ማለት ልጁን መደበኛ ክፍል አስገብቶ በር መዝጋት ከሆነ ተሳክቶልናል። ልጁ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከኋላ፣ ዴስኩ ጫፍ ላይ።

አሁን ወደምኮራበት ነገር ልምጣ። ጅማ በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም፤ እንዲያውም ብዙ የአገራችን ከተሞች የሌላቸው ነገር አላት። የምዕራቡ ዓለም የልጅ ዕድገት መመዘኛዎች ለእኛ ልጆች ቀጥታ አይሠሩም። አንድ ልጅ ያላየውን መጫወቻ ሳያውቅ ቢቀር ዘገየ ይባላል፤ በሹካ መብላት ባለመቻሉ ነጥብ ይጎድልበታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየም ባልደረቦቻቸው ጋር ዴንቨር 2 የሚባለውን ታዋቂ መመዘኛ ወስደው እዚሁ፣ በጅማና በአካባቢዋ ልጆች ላይ አስተካከሉት። 1,597 ጤነኛ ልጆች ተመዘኑ፤ ከተወለዱ ቀናት ከሆናቸው ጀምሮ ስድስት ዓመት እስኪጠጉ ድረስ። ሥራው በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ መመዘኛውም «ዴንቨር 2 ጅማ» ይባላል። የከተማችን ስም የተጻፈበት የልጅ መለኪያ በዓለም የሳይንስ መጽሔት ላይ አለ ማለት ነው! የሚለካው ዕድሜ እስከ ዜሮ ክፍል ይደርሳል። የጎደለው ዜሮ ክፍል ገብቶ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ምርምር ታትሞ ሼልፍ ላይ ሲቀመጥ ለደራሲዎቹ ማዕረግ ያስገኛል፤ ለልጁ ግን እንዳልተሠራ ነው።

እናንት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች፣ ይህን ስል የምወቅሳችሁ አይምሰላችሁ፤ ልማዳችሁን እያስታወስኳችሁ ነው። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችሁ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውን ይዞ ተነሣ። የሕክምና፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰርቦ፣ ወደ አሰንዳቦ፣ ወደ ሸቤ ይወጣሉ፤ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ነዋሪው ለምዷቸዋል፤ «የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጡ» ይላል። የሥነ ልቦናና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተማሪዎችስ? በዚያው መኪና ላይ ሁለት መቀመጫ ጨምሩላቸው። አንድ ቡድን፣ አንድ ጉድኝት፣ ስድስት ሳምንት፤ መምህራቸው እየተከታተለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ቡድን የተመረመሩትን ልጆች ዝርዝርና ዕቅድ ለሚመደበው ባለሙያ ያስረክባል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚንከራተት ተማሪም እግረ መንገዱን ርዕስ ያገኛል።

ገንዘቡስ? ይህ ጥያቄ የሚገባ ነው፤ መምህሩ ደመወዙ ለወር የማይበቃበት፣ መጽሐፍ ለሦስት የሚታደልበት ጊዜ ነው። «ዴስክ በሌለበት ሳይኮሎጂስት ምን ይሠራል?» የሚለኝን ርዕሰ መምህር አልቆጣውም። ግን አንድ ልጅ ሁለተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ሲደግም ያው ዴስክ ለሦስት ዓመት ተያዘ፣ ያው መምህር ሦስት ጊዜ ደከመ፤ በመጨረሻም ልጁ ሳያነብ ወጣ። ወጪው አሁንም አለ። የምናወጣው ግን በከንቱ ነው።

መንግሥት የሥራ መደቡን ይፍቀድ፤ የዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ክልል ይሂድ። መደቡ እስኪፈቀድ ግን ቡናው አለ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1999 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ፍትሐዊ ንግድ ከሚያስገኘው ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤቶች ሠርቷል። በእኛው አካባቢም ሊሙ ኢናራና ካታ ሙዱጋ የሚባሉ ዩኒየኖች አሉ። ዱሮሚና የሚባለው የጎማ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጥቶ ስሙ በዓለም ሲጠራ ሁላችንም ኮርተናል። የማኅበር አባላት ሆይ፣ ግድግዳ መሥራት ለምዳችኋል፤ ግድግዳው ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሣል። አንድ ዓመት ደግሞ ሰው ቅጠሩ። የአንድ ባለሙያ የዓመት ደመወዝና የሞተር ነዳጅ ከአንድ ብሎኬት መማሪያ ክፍል ዋጋ አይበልጥም፤ ባለሙያው ደግሞ አምስት ስድስት ትምህርት ቤት ይዞራል። የግል ላኪዎችና የእርሻ ልማት ባለቤቶችም ከዚህ አትወጡም። ፍሬውን የሚለቅሙላችሁ እጆች መካከል የተማሪ እጅ አለ፤ በጥቅምትና በኅዳር ክፍሉ ባዶ ሲሆን ልጁ የት እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ባለሙያው ከመጣ በኋላ የምንጠብቀውን ከአሁኑ እንነጋገር፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ወር ዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰ ተማሪ ሲመዘግብ እናገኘዋለን። በየሁለተኛ ደረጃው የጋይዳንስ ቢሮ የደረሰበትን አይተናል፤ ስብከት የሚሰጥበትና ጥፋተኛ የሚላክበት ክፍል ሆኖ የቀረው ጥቂት አይደለም። ወንድም ሴትም ልጅ ደጁን በፍርሃት የሚያየው ቢሮ ለእኛ አይሆንም።

አፋን ኦሮሞ የማይናገር ባለሙያ ለገጠሩ ጉድኝት አይመደብ። በአስተርጓሚ የተመረመረ ልጅ የሚመዘነው በአስተርጓሚው ልክ ነው። በር የሚዘጋበት ክፍልና የሚቆለፍ ሳጥን ይሰጠው፤ የልጁ ጉዳይ በመምህራን ማረፊያ ከሻይ ጋር የሚጠጣ ወሬ መሆን የለበትም። «የአእምሮ ዘገምተኛ» እያለ በሰልፍ ላይ ስም የሚጠራ ሰው ከእኛ ትምህርት ቤት ይውጣ፤ ምርመራ ስም ለመለጠፍ ከሆነ ባይመጣ ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ እናቶች ስሙኝ። ለመናገር የሚቸገሩ፣ ነገር ቶሎ የማይገባቸው ሴት ልጆች ጥቃት ሲደርስባቸው የሚነግሩት ሰው ያጣሉ፤ ቢነግሩም አይታመኑም። ለእነሱ ይህች ባለሙያ ምልክቱን አይታ የምትጠይቅ፣ ጠይቃም ለሕግ የምታደርስ የመጀመሪያዋ ሰው ልትሆን ትችላለች። ለዚህ ነው ሴት ባለሙያዎች ይበዙ ዘንድ የምንጠይቀው።

መምህራን፣ እናንተን እስከዚህ ያቆየሁት ተረስታችሁ አይደለም። ይህ ሰው የሚመጣው ሊቆጣጠራችሁ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነገሩ አበቃ። ከሰባ ልጅ መካከል የተለየውን መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ባለሙያው የእናንተን ዓይን ተከትሎ ነው የሚሠራው። ባለሙያ እስኪመጣ የማይጠብቅ ሥራም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሜትር ለክታችሁ፣ ግድግዳ ላይ የተዞሩ «ኢ» ፊደሎች ያሉበትን ሰንጠረዥ ለጥፋችሁ፣ የፊደሉ ጣቶች ወደየት እንደዞሩ ልጁ በእጁ ያሳያችሁ። ጀርባው ዞሮ ሳለ ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ያልሰማውንና ያላየውን ከፊት አስቀምጡ፣ ስሙን ጻፉ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስ ሐኪም አልነበረችም፣ ባለሥልጣንም አልነበረችም። የውበት ሥራ ባለሙያ ነበረች፤ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጣች እናት ነበረች። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው እንዲያውቀው ያደረገችው ከሁሉ በላይ እሷ ናት። ስለ ዘሚ ሳስብ የሚቆጨኝ ግን አንድ ነገር አለ። ለአንድ ልጅ አንዲት እናት እንዲያ መድከም አልነበረባትም። የሊሙዋ እናት ዘሚ እንድትሆን መጠበቅ ግፍ ነው፤ ማዕከል የመክፈት አቅም የላትም፣ ጉዞው ራሱ የሁለት ቀን ገቢዋን ይበላል። ለእሷ ማዕከሉ ወደ ልጇ ትምህርት ቤት መምጣት አለበት።

ይህን ያነበባችሁ ወላጆች፣ የሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ የሚጠራበትን ቀን ከርዕሰ መምህሩ ጠይቁ። አጀንዳው ላይ አንድ ጉዳይ አስገቡ፤ «የጉድኝታችን የሥነ ልቦና ባለሙያ» ይባል። ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም፤ ቅጂው ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለማኅበራችሁ ሊቀ መንበር ይድረስ። ወረዳው መልስ ካልሰጠ በሁለተኛው ወር ወደ ዞን ውሰዱት፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የጉድኝቱን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቃለ ጉባኤ በአንድ ፖስታ ይዛችሁ ሂዱ። የማኅበር አባል የሆናችሁ ደግሞ የዓመቱ ትርፍ ክፍፍል ሳይወሰን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እጃችሁን አውጡ። እድሮች፣ ጓዳ ያሉትን ልጆች የምታውቁት እናንተ ናችሁና ስም ዝርዝሩን ከአሁኑ ጀምሩ። ሥራ የምትጠብቁ የሥነ ልቦናና የልዩ ፍላጎት ምሩቃን፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ይዛችሁ በየጉድኝቱ ሱፐርቫይዘር ዘንድ ተመዝገቡ፤ ሰው የለም የሚል መልስ እንዳይኖር። ጊዜው እስከ ጥቅምት ነው። ቡናው መቅላት ከጀመረ በኋላ ስብሰባ የሚመጣ ሰው አታገኙም።